ከሞንታርቦው ነቅለህ ስማው

ባለሱቁ አሪስሜንዲ ስልክ ሲጠራ የሚያደርገውን መጀመሪያ ያየሁት በመስታወት ነው። እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ወንበሬ ከሱቁ ፊት ለፊት ማንጎው ሥር ነው፤ መስታወቱን ግንዱ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኛዬ አንገቱን ደፍቶ ሲቆረጥ እኔ ሱቁን አያለሁ። እንዲህ ሳይ ስለኖርኩ ከገዛ ቤቴ ይልቅ የሱን መደርደሪያ አውቀዋለሁ።

ስልኩ ጠራ። አሪስሜንዲ የእጁን መጥረጊያ ጨርቅ አነሳና ወፍ ሊይዝ እንደሚያደባ ሰው ቀስ ብሎ ተጠግቶ ስልኩ ላይ ጣለበት። ከዚያ ወደ ኋላው ሸሸት ብሎ ዝም እስኪል ጠበቀ። ዝም ሲል ጨርቁን ገለጠ፣ የደወለውን ሰው ስም አየ፣ እንዲህ ብሎም ጻፈለት፦ «ደውለህልኝ ነበር? አልሰማሁም።»

ዓይን አፋር ቢሆን ነገሩ ይገባኝ ነበር። መደርደሪያው ጋ ቆሞ ግን አንዱን ይሰድባል፣ ሌላውን ያስቃል፣ ሦስተኛው ደብቆ ኪሱ የከተተውን ሎሚ ሳያይ ያስመልሳል። ስልክ ጆሮው ላይ ሲሆን ነው ሌላ ሰው የሚሆነው። አንድ ቀን የቢራ አከፋፋዩን ስልክ በስህተት አንስቶ፣ ሰውየው የሚለውን ሁሉ ቆሞ አዳምጦ ሲያበቃ «አሜን» ብሎ ዘጋው።

በመጨረሻ በካርቶን ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፦ «አይደወልም። ይጻፍ፣ አለዚያ ድምፅ ይላክ።» የተቀዳ ድምፅ አያስፈራውም ነበር፤ ቆሞ መልስ አይጠብቅበትማ።

በሳንቲያጎ ላይኛው ሰፈር ሱቅ፣ እኛ ኮልማዶ የምንለው፣ ያለ ሙዚቃ ሱቅ አይባልም። የአሪስሜንዲ ስልክ በገመድ ከአንድ ትልቅ ሞንታርቦ ጋር ተያይዞ ከጠዋት እስከ ማታ የባቻታ ዘፈን ያሰማል። የደንበኛው ትእዛዝም የሚመጣው በዚያው ስልክ ነው። ዕቃውን በሞተር የሚያደርሰው ዊልኪን፣ የልጆች አባት ሆኖ ሳለ፣ ስልኩ ቲንግ ባለ ቁጥር ከማን እንደሆነ ሳያይ ይጫነዋል። ባቻታው ቀጥ ይልና ጎረቤታችን ዶኛ ኔሬይዳ ከሰማይ ትናገራለች፦ «ዊልኪን፣ ፍቅሬ፣ ሁለት ሶፍት ይዘህልኝ ና። ቶሎ በል። አደራ፣ ቶሎ።» ከዚያ ባቻታው ካቆመበት ይቀጥላል። በኛ ሰፈር የማን ሆድ እንደተረበሸ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ኤሪዳኒያ ግን ድምፅ ልካ አታውቅም። መምህርት ናት፤ ጥግ ያለው ባለ አረንጓዴ በር ቤት ነበር የምትኖረው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሷ ትመጣና ትንሽ የሳላሚ ቋሊማ አስቆርጣ ትሄዳለች። በኛ ሰፈር ሁሉም ሰው «ፍቅሬ» ነው፤ ሙዝ ሻጩም ፍቅሬ፣ መብራት ሊቆርጥ የመጣውም ፍቅሬ። አሪስሜንዲ አፉን ሞልቶ በስሟ የሚጠራት ኤሪዳኒያን ብቻ ነበር። እኔ ከዚህ ሌላ ማስረጃ ፈልጌ አላውቅም።

አባቷ ሲታመሙ ልታስታምም ባሕር ጠረፍ ላይ ወዳለችው ሞንቴ ክሪስቲ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ይጻጻፋሉ። ሲጽፍ በመስታወት አየዋለሁ። ሳላሚ መቁረጡን ያቆማል፣ እጁን ይጠርጋል፣ ሁለት ቃል ይጽፋል፣ አንዱን ያጠፋል።

«ዛሬ ምን ጻፍክላት፣ አበልጄ?» እለዋለሁ። የልጄ የክርስትና አባት ነው።

«ዝናብ እንደጣለ።»

«ሌላስ?»

«እንዳባራ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። አባቷ ሞቱ፤ እሷ እዚያው ቀረች። ስኳር ነበረባትና ዓይኗን ያዘው። ይህን ለአሪስሜንዲ አልጻፈችለትም፤ ያወቀው አንድ ጠዋት ከሷ ስልክ እንዲህ የሚል ሲደርሰው ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ፊደል መለየት ስላቃታት ከዛሬ ጀምሮ መልእክቶችዎን የማነብላት እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ስለ ጨረቃዋ የጻፉት ተነቧል። እህቴ ወዳዋለች። እኔ አስተያየት የለኝም። ጡረተኛ ሻምበል ራዳሜስ።»

አሪስሜንዲ ስልኩን እንደያዘ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ባዶው ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ።

«አበልጄ፣ የጨረቃውን ነገር ሻምበል አነበበው።»

«ጮክ ብሎ?»

«እና እንዴት ያነብላታል?»

ከዚያ ቀን በኋላ የሚጽፈው የጥበቃ ሪፖርት መሰለ። ሰላም ነኝ። ዝናብ የለም። ሙዝ ተወዷል። ሻምበሉ መለሰለት፦ «እህቴ የድሮው ይሻል ነበር ትላለች። እኔም እስማማለሁ።» አሪስሜንዲ ጨረቃን ሊያነሳ አስቦ ተወው። ጨረቃን ለሻምበል መጻፍ አቃተው።

በመጨረሻ ይሄኛው መጣ፦ «ከሰኞ ጀምሮ አላነብም። ሽማግሌ ነኝ፤ የሰው ናፍቆት ማንበብ ደክሞኛል። ስልክ ይደውሉ። እህቴ እንዲህ በልልኝ ብላለች፦ ካልደወለ ይገባኛል፣ አልቀየመውም፣ ግን ከዚህ በኋላ አልጠብቅም።»

አሪስሜንዲ ቅዳሜን በሙሉ ስልኩን እያነሳ መልሶ ሲያስቀምጥ ዋለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ከበን ያዝነው፤ እኔ፣ ዊልኪንና ሩዝ ልትገዛ መጥታ መሄድ የረሳችው ዶኛ ኔሬይዳ።

«በቃ ‹ሃሎ› በላት፣» አለች ዶኛ ኔሬይዳ። «ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ራሷ ታወራለች። እኛ እናወራለን።»

«አውቃለሁ እንደምታወሩ።»

«ሦስት ባል ያገባሁት በስልክ ነው እኔ።»

«የፈታሻቸውስ?»

«እነሱንም በስልክ።»

ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ቆየ። ላብ ከግንባሩ ወርዶ ስልኩ ላይ ጠብ አለ። ጠረገውና መልሶ አስቀመጠው።

«ቮይስ ላክላታ፣» አለው ዊልኪን። «ቮይስ እኮ ስልክ አይደለም። በአፍ የተጻፈ ደብዳቤ ነው።»

ይሄ ነገር ገባው። ስልኩን ከገመዱ ነቅሎ ከሩዙ ጆንያ በስተኋላ ገባ። እኛም የማንሰማ ለመምሰል ስለ ቤዝቦል አወራን። ሲወጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ምን አልካት?» አልኩት።

«ስሟን ጠራሁ። ከዚያ ዝናብ እየጣለ ነው አልኳት።»

«ፀሐይ ነው እኮ።»

«ደንግጬ ነው።»

ያን ቀን መልስ አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ዋለ፤ ሰፈሩ ያለ ሙዚቃ አረፈደ። እኩለ ቀን ላይ የቢራ መኪና መጣ። ቢራ እንደተራገፈ በረዶ ውስጥ ካልገባ የሚጠጣው የለም። አሪስሜንዲ ስልኩ እንዳይረጥብበት ገመዱ ላይ ሰክቶ፣ ባቻታውን ከፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከኋላ ወዳለው የበረዶ ሳጥን ሄደ። ስልኩ ቲንግ አለ። ዊልኪን እንደ ልማዱ ሳያይ ተጫነው።

ባቻታው ቀጥ አለ።

«አሪስሜንዲ፣ እኔ ነኝ። ይሄን ከሞንታርቦው ነቅለህ ብቻህን ስማው።»

ከዚያ ዝም አለች፤ እንዲነቅል ጊዜ ስትሰጠው ነው። መንገዱ በሙሉ አንገቱን ወደ ሱቁ መለሰ።

«ነቀልከው? እሺ። ድምፅህን ራዳሜስ ደጋግሞ አሰማኝ። ሰለቸው መሰለኝ፣ ስልኩን እጄ ላይ ትቶልኝ ወጣ። ዝናብ አለ ብለኸኛል። እዚህ የለም። እዚህ ነፋስና ጨው ነው ያለው። ዓይኔ ፊደል ከተወ ቆየ፤ አሁን ደግሞ ፊት መተው ጀምሯል። ያንተን ሳስብ አንድ ወገኑ ይጠፋብኛል። ድምፅህ ግን ምንም አልጎደለበትም። እና… ላንተ ብቻ የምነግርህ ነገር አለኝ። ከሰፈሩ የሄድኩት ለአባቴ ብዬ ነው፤ እውነት ነው። ግን ልሄድ ነው ብዬ የነገርኩህ ቀን ‹ቅሪ› ብትለኝ ኖሮ አባቴን ወደዚያ አመጣው ነበር። አንድ ክፍል አስቀብቼለት ነበር። አንተ ሳላሚውን መዝነህ ‹ሌላ የጎደለሽ አለ?› አልከኝ። ሳላሚ አልወድም፣ አሪስሜንዲ። ወድጄም አላውቅም። ለውሻው ነበር የምሰጠው። ይኸው ነው። አሁን ደውልልኝ፣ ወይም አትደውል።»

ባቻታው ካቆመበት ቀጠለ።

አሪስሜንዲን በመስታወት አየሁት። ክንዱ እስከ ክርኑ በረዶ ውስጥ ነው። ከሳጥኑ እስከ ስልኩ ብዙ አይርቅም፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ዘሎ ቢመጣ ይደርስ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። አሁን ሲወጣ ክንዱ ቀልቷል፣ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውታል። ሄዶ ገመዱን ነቀለ።

ማንም አልሳቀም። በኛ ሰፈር እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የቢራ ጫኞቹ እንኳ ሳጥኑን እንደተሸከሙ ቆመዋል። ዊልኪን የራስ ቁሩን አውልቆ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

«አባርረኝ፣» አለው።

«ሞተሩን ማን ይነዳል?» አለ አሪስሜንዲ፤ ዓይኑ ግን ዶኛ ኔሬይዳ ላይ ነበር። «ፍቅሬ፣ ያን ስልክ አስቀምጪው።»

«እኔ ምን አደረግሁ? የመድኃኒቴን ሰዓት ነው የማየው።»

ዶኛ ኔሬይዳ ስልኩን ጡት ማስያዣዋ ውስጥ ከተተች። ነገሩ ግን ገብቶናል። ኤሪዳኒያ እዚህ መንገድ ላይ ስትኖር ግማሹን ልጅ ፊደል ያስቆጠረች ሴት ናት፤ ቁጥሯ የሌለበት ቤት የለም። ብቻህን ስማው ያለችው ነገር መንገድ ሙሉ ሰው እንደሰማው ሊነግራት የሚፈልግ ደግሞ፣ ለሷ ተቆርቁሮም ሆነ ዝም ማለት አቅቶት፣ አይጠፋም።

«አበልጄ፣» አልኩት ምላጬን እንደያዝኩ፣ «ሊነግራት የሚገባው አንተ ነህ። መቅደም አለብህ።»

ደወለ። እውነቴን ነው፣ በሁላችንም ፊት ደወለ። ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ወደኛ ዞረ።

«ተይዟል።»

ሁላችንም ዶኛ ኔሬይዳን አየናት። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ከዚያ እሷም ዞር ብላ የመንገዱን በሮችና መስኮቶች ቃኘች፤ ስልክ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው እየፈለገች መሆኑ ነው።

ድጋሚ ሲደውል ጠራ። የሚያነሳ ግን አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ተጻፈለት፦ «እህቴ ነገሩን ከብዙ ሰው ሰምታለች። ስልክ አታነሳም። ሻምበል።»

የዚያን ሳምንት ሰፈራችን ያለ ሙዚቃ ኖረ። አሪስሜንዲ ገመዱን ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የቢራ ጠጪዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ኋላ እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ለመዱ። ሰፈሩ እንደ ታማሚ ቤት ሆነ። በየቀኑ ፀሐይዋ ከማንጎው ዝቅ ስትል አሪስሜንዲ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ይቆምና ይደውላል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ፊቱን እንዳላየበት መስታወቱን አዘንብዬ ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ረስቼው አየሁ። አንሺልኝ የሚል ሰው ፊት አልነበረም። እንዳታነሳ የሚፈራ፣ ብታነሳም የሚፈራ ሰው ፊት ነበር።

«ተዋት እንግዲህ፣» አለችው ዶኛ ኔሬይዳ፣ በደግነት ነው። «ሴት ልጅ ስታፍር እንዲህ ነው።»

«ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። ብተዋት እሷ አሳፍራኝ የተውኳት ይመስላታል።»

ቅዳሜ ዕለት፣ አንድ የሠርግ ሰው ግማሽ ፀጉሩን ቆርጬ ግማሹ ሲቀረኝ፣ ስልኩ ማዶ ተነሳ። የሻምበሉ ድምፅ ሞንታርቦ አያስፈልገውም፤ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«እርስዎ ሰውዬ በየቀኑ ነው የሚደውሉት?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አላነሳም ብላለች። እኔ ግን የሚጮኽ ስልክ ሰልችቶኛል። ጆሮዋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ይናገሩ።»

አሪስሜንዲ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቆመ። ማዶ አንድ ጆሮ ቃሉን እየጠበቀ ነው፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ይሄን ነበር። «አሜን» ብሎ ሊዘጋው ነው ብዬ ፈራሁ።

«ኤሪዳኒያ፣» አለ። «ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የነገሩሽ ውሸት አይደለም። የተጫነው ዊልኪን ነው፤ ግን መንቀል እችል ነበር። ቅርብ ነበርኩ። አልነቀልኩም።»

የሠርጉ ሰው አንገቱን ቀና ሊያደርግ ሲል በጣቴ መልሼ ደፋሁት።

«ድምፅሽን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ብነቅለው ይቆማል። እንዳይቆም ፈለግሁ። ስለ ሰዉ አላሰብኩም፤ ስላንቺም አላሰብኩም። እንዳይቆም ብቻ ነው የፈለግሁት።»

ትንፋሽ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ አፉ ተፈታ ልበል፣ ወይም ማቆም ፈራ። ሳላሚውን አውቅ ነበር አላት። ውሻሽ እየወፈረ አንቺ እየከሳሽ፣ እንዴት አላውቅም? አውቄ መመዘን ቀጠልኩ፤ ነገም እንድትመጪ ነው። መንገዱ ላይ ስላለው ነገር ሁሉ ነገራት፤ አረንጓዴው በርሽ ሰማያዊ ተቀብቷል፣ ውስጡ የሚኖሩት ሰዎች ሳላሚ በብዛት ይገዛሉ፣ እነሱስ የምር ይበሉታል አላት። ዝናብ ግን አልጣለም፤ ያን ቀን ያልኩሽ ሐሰት ነው አላት።

«ስጽፍልሽ አጠፋለሁ፤ ደግሜ እጽፋለሁ። አንድ መስመር ደርሶሽ ከሆነ አሥር መስመር አጥፍቻለሁ። በአፌ ያልኩት ግን አይጠፋልኝም። ለዚህ ነው የምፈራው። ሌላ ምክንያት የለኝም።» ከዚያ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ያን ቀን ቅሪ ልልሽ ነበር። አፌ ላይ ነበር። ስለማይጠፋ ነው ያላልኩት።»

ዝም አለ። ዊልኪን ሞተሩን ሊያስነሳ እግሩን አንስቶ መልሶ አሳረፈው።

ማዶ አንድ ነገር ተባለ። ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ የሻምበሉ ድምፅ አልነበረም። አሪስሜንዲ ጀርባውን ሰጠንና ፊቱን ወደ ሩዙ ጆንያ አዞረ።

«ቆሜ ነው፣» አለ። ትንሽ ቆይቶ፦ «እሺ።» ደግሞ ቆይቶ፦ «አይ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ሁሉም እዚህ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተዋል።» በመጨረሻ ደግሞ «እሺ፣ ኤሪዳኒያ፣» ብሎ ስልኩን ከጆሮው አወረደ፤ የሚዘጋበትን ቦታ ፈልጎ አጣው፤ ዊልኪን ዘጋለት።

ዶኛ ኔሬይዳ እንደምንም አምስት ትንፋሽ ታገሰች።

«ምን አለችህ?»

«ነገም ደውል አለችኝ።»

«ይቅር አለችህ?»

«አላለችኝም። ነገም ደውል ነው ያለችኝ።»

«ትመጣለች?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ስታወራ ነበር?» አለች ዶኛ ኔሬይዳ። ሰው እንደ ፈረዱበት ሆኖ፣ ደግሞም እንደ ማሩት ሆኖ ሊቆም እንደሚችል ያን ቀን አየሁ።

እሁድ ወንበሬን አላወጣም። አሪስሜንዲ ግን ፀሐይዋ ከማንጎው ዝቅ ልትል ስትል በሬን አንኳኳ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል።

«ፂሜን ላጨኝ፣» አለኝ።

«የት ልትሄድ?»

«የትም። ልደውል ነው።»

«አታይህም እኮ፣ አበልጄ። በስልክ ነው። ደግሞም ዓይኗ…»

«አውቃለሁ።»

ወንበሩን አወጣሁለት። አንገቱን ወደ ኋላ አዘንብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ስልኩን ጭኑ ላይ በሁለት እጁ ይዞታል። አረፋውን ቀባሁትና፣ ለሠርግ እንደማደርገው ሁለት ጊዜ ላጨሁት።